ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ጥቁር ላይተር

መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለእህት ዓለም፤

በዚህ ምድር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቀጭ» የምትለዋን ድምፅ ብቻ ሰምቶ፣ ላይተርን ከነዕድሜው የሚለይ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ነው። ትናንት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ዓይኔን በመሐረብ አስሮ በዐሥር ላይተር ፈተነኝ፤ ዐሥሩንም አወቅሁ። እሺ፣ ስምንቱን። ዘጠነኛው ላይተር ሳይሆን ጥፍር መቁረጫ ነበር። ዐሥረኛውን ደግሞ እሱ ራሱ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ አገኘህ ወይም ሳትክ ብሎ የሚፈርድ ጠፋ።

አሁን ወደ ሰላምታው። ደብዳቤ የሚጀመረው በሰላምታ ነው ብላ መምህርታችን አስተምራናለች፤ እኔ ግን ወሬው አፌን እየበላኝ እስከዚያ መታገሥ አቃተኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ያ ደረጃው የበዛ ቤት አልጎዳሽም? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ከሁለት ጥርሴ በቀር ሁሉም ነገር በቦታው አለ። የምትወጪውን ደረጃ ያሳጥርልሽ፣ የምትወርጂውን ያለስልስልሽ።

ማን ጻፈልህ ብለሽ ከሆነ፣ ማንም። ይህ የራሴ እጅ ነው። የማታ ትምህርት ስምንት ወር ተቀምጬ ባለፈው ሳምንት የምስክር ወረቀት ተቀበልሁ። አንደኛ ነው የወጣሁት፤ ማለቴ ኋላ ወንበር ከተቀመጥነው ውስጥ። እስከ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰውዬ ስንት ነገር ዋሽቶብኝ እንደኖረ አሁን ያንቺን መልሶች ሳነብ ገባኝ። እኔ መቼ ነው «እንባዬ ወረቀቱን አራሰው» ያልኩሽ? ዓይኔ የሚያለቅሰው ቤንዚን ሲነካው ብቻ ነው።

ወደ ጥያቄሽ እንሂድ። የምታስታምሚያቸው ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡት የመርከብ መካኒክ፣ መቶ አርባ አሮጌ ላይተር ሰብስበው በመሳቢያ እንዳስቀመጡ ጽፈሽልኛል። ቁም ሣጥኑ ሲዛወር የየላይተሩ መግለጫ የተጻፈባቸው ካርዶች ከየቦታቸው ተበታትነዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ደግሞ የትኛው ካርድ የየትኛው ላይተር እንደሆነ መለየት አልቻሉም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላይተር ስትጠግን ምን ተማርክ? እስቲ አሁን ጥቀመኝ» አልሽ። ስሚ እንግዲህ።

መጀመሪያ ምን እንደሚጠጣ እዪ። ሆዱ ሥር እንደ መርፌ ቀዳዳ የቀጠነች አፍንጫ ካለችው ጋዝ ነው፤ ጎረምሳ ነው፣ ዕድሜው ካንቺ ያንሳል። ጥጥና ክር ካለው ቤንዚን ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብለሽ ያዢው። ቀጥሎ ድንጋዩ በየት እንደሚገባ ተመልከቺ፤ ብልጭታውን የምትሰጠውን ትንሿን ድንጋይ ማለቴ ነው። አንዳንዱ ከሥር በብሎን፣ አንዳንዱ ከጎን በጠባብ በር ይቀበላታል፤ ካርዱ ላይ ይህ ተጽፎ ይሆናል። ከዚያ ሁለቱን ትከሻዎቹን አስተያዪ። ማሽን የሠራው ቀጥ ያለ ነው። ሰው በሞረድ የሠራው ግን አንዱ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ እንደ እኔ።

የጠቆረ ካየሽ ደግሞ ቆሻሻ ነው። በሎሚና በአመድ እሺው። ጠረጴዛዬ ላይ ጠቁሮ መጥቶ ቢጫ ሳይሆን የተመለሰ ላይተር የለም።

ስትመልሺ ጎላ አድርገሽ ጻፊ። ፊደል አጥቼ ሳይሆን ለዓይኔ ነው።

ወንድምሽ ብልጭታ
(ይህ ቅጽል ስም ሲጻፍ እንዲህ ማማሩን ዛሬ ገና አየሁ።)


ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ለአንተ፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለዚያች ተራራ የሚያክል ትዕግሥት ላላት መምህርትህ ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደረጃውን ለምዶታል፤ ማጉረምረሙን ግን አልተወም፣ ካንተ ጋር የሥጋ ዝምድና እንዳለን ከዚህ ይታወቃል። የአያቶቻችን እህትማማችነት በእኔ ጉልበት ባንተ ምላስ ቀረ።

የእጅህን ጽሑፍ ሳይ ፖስታውን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የከፈትኩት። ዕድሜ ይስጥህ። ፊደሎችህ ተራ በተራ እየተጋፉ የሚወጡ ተሳፋሪ ይመስላሉ፤ ግን ሁሉም ደርሰዋል። ያ ጸሐፊህ ስለ እንባህ ሲጽፍልኝ እውነት መስሎኝ አንድ ጊዜ ሳለቅስ አድሬአለሁ። ዕዳ አለብህ።

ምክርህ ሠርቷል። ከሽማግሌው ጋር ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሥር እንቀመጣለን። እኔ ካርዱን አነባለሁ፣ እሳቸው ላይተሩን በእጃቸው ይመዝናሉ፣ ክዳኑን ከፍተው ዘግተው ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ። «ይህ አይደለም፣ ይህ ይስላል፤ የኔው አይስልም» ይላሉ። እስካሁን ዘጠና አምስት አስገብተናል። የሚጋጨን ሲኖር ትከሻውን እመለከታለሁ።

ከሁሉም የሚወዷት ቁጥር አሥራ ሰባትን ነው። ከጥይት ቀለህ የተሠራች፣ እንደ ጥላሸት የጠቆረች፣ አንድ ትከሻዋ የወደቀ ነገር ናት። ካርዷ ላይ በእጃቸው «ቁጥር 17። ጥቁር። ከቀለህ። የሠራት እጅ አልታወቀም» ብለዋል። ሞተር ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ አለቃቸው የሰጣቸው ናት። «ይቺ ሦስት ባለቤት ቀብራለች፤ እኔን ግን አልቸኮለችብኝም» ብለው ይስቃሉ። ሰው ስለ ዕቃ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

ሰኞ ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ይገባሉ። ሐኪሙ ዓይናቸው ታሽጎ ብዙ ሳምንት እንደሚተኙ ተናግሯል። ልጃቸው ከሩቅ ከተማ መጥታ ቤቱን እሷ ትይዛለች። እኔም አንድ ነገር አሰብኩ፤ ዓይናቸው ሲፈታ መሳቢያው በብርሃን ይጠብቃቸው። ያንተን ሎሚ ልሞክር ነው።

አንድ ጥያቄ፤ አውራ ጣት ሲጫናት ክንዷን ከፍ የምታደርገዋ ምንድን ናት? ካርድ አልተገኘላትም።

እህትህ


ጥቅምት 27 ቀን

ይድረስ ለእህት ዓለም፤

የበረታ ጉልበት፣ የማያጉረመርም ጎረቤት፣ የሚስቅ ሽማግሌ አያሳጣሽ። እኔ ጤና ነኝ፤ ከመጠን በላይ ጤና ነኝ፤ ልብስ ሰፊው አሞህ ዝም ብትል ምን አለ ይለኛል።

ክንዷን የምታነሣው ከፊል አውቶማቲክ ናት። ክንዷ ክሩን የሚያፍን ቆብ ተሸክማለች፤ ስትጫኛት ቆቡ ይነሣል፣ ጎማዋም በዚያው ትዞራለች፤ ስትለቂያት ራሷን ታጠፋለች። ሥርዓት ያላት ናት፤ ሳትለምኛት ታበራለች፣ ሳትጮኺባት ትጠፋለች። ካርዷን «ክንድ» ከሚል ቃል ጋር ፈልጊ።

ማንበብ መቻል ግን ችግር አለው። ጠረጴዛዬን የማቆምበት ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከራሴ በላይ፣ ሰፊ ቀይ ጽሑፍ እንዳለ ታውቂያለሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሱቁ ስም እየመሰለኝ «ከቀዩ ጽሑፍ ሥር ታገኙኛላችሁ» ስል ኖሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት ቀና ብዬ አነበብኩት። «እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» ይላል። ለልብስ ሰፊው ነገርኩት። «እንዴ፣ አታውቅም ነበር? እኛ ደፋር መስለኸን እኮ ነው የምናከብርህ» አለኝ። አሁን ቆሜ ነው የምሠራው። ግማሹን ቀን ማለቴ ነው።

ከተረፈሽ ጊዜ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ የላይተር ድንጋይ እዚህ ጠፍቷል። እዚያ በትንንሽ ዕሽግ ይሸጣል አሉ። ሁለት ዕሽግ ብትልኪ ደንበኞቼን ከክብሪት ታድኛለሽ።

ሎሚው እንዴት ሆነ? አበራ?

ብልጭታ


ኅዳር 15 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ። እኔ ደህና ነኝ።

ድንጋዩን አልላክሁም፤ ወደ ገበያ አልወጣሁም። ሽማግሌው አሁንም ሆስፒታል ናቸው፤ ልጃቸው መጥታለች።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ለማወቅ ያህል ነው። አንድ ላይተር ቢጸዳና አንድ ላይተር ደግሞ በሌላ ቢለወጥ፣ የጸዳው የጸዳ መሆኑ በምን ይታወቃል? ሰው አይቶ ሊለየው ይችላል?

ቶሎ መልስልኝ። ስልክ አትደውል።

እህትህ


ኅዳር 26 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊደሉ አልከበደኝም፤ ያልጻፍሽው ነው የከበደኝ። በሁለት ገጽ ታሾፊብኝ የነበርሽ ሴት በስምንት መስመር ከዘጋሽኝ አንድ ነገር አለ። «ለማወቅ ያህል» የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ተማሪ ነው፣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ያለ ነው። አንቺ ትምህርት ቤት አልገባሽም።

ጥያቄሽን ሳላውቅ ብመልስ ጉራ ይሆናል፤ ጉራ ደግሞ አልወድም። ሳቅሽ? ሳቂ፣ ከዚያ ጻፊልኝ። የትኛው ላይተር ነው? ማን ምን አለ? አንድም ነገር ሳታስቀሪ፣ ያፈርሽበትንም ጭምር።

ድንጋዩን ተዪው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን አለህልኝ። ሳትቆጣ አንብበው።

ሽማግሌው ሆስፒታል በገቡ በሳምንቱ ቁጥር አሥራ ሰባትን በሎሚና በአመድ አሸኋት። እጄ እስኪቆስል ነው ያሸኋት። ጥቁሩ ሁሉ ለቀቀ፤ እንደ አዲስ ማንኪያ አበራች። ደስ ብሎኝ ወደ ቦታዋ መለስኳት።

ልጃቸው በመጣች በሦስተኛው ቀን መሳቢያውን ከፍታ ካርዱን አነበበች። «ጥቁር» ይላል። አነሣቻት፤ ቢጫ ናት።

«የአባቴ ላይተር የታለች?» አለችኝ።

«ይቺው ናት፤ አጽድቻት ነው» አልኳት።

«አባቴ ሃምሳ ዓመት ያልነካውን ጥቁር አንቺ በምን ሥልጣን ታነሺያለሽ?»

«ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው።»

በማግሥቱ አሮጌ ላይተር የሚነግድ ሰው ይዛ መጣች። ሰውየው አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አገላበጣት። «እንዲህ ያለች ነገር ገበያ ላይ በጆንያ ናት። ዋጋ ያላት ጥቁሯ ነበረች። ይቺ እንዲያውም የሥሯ ብሎን እንኳን የላትም» ብሎ ጠረጴዛው ላይ እንደ ቡሽ ጣላት። ልጅቷ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አባቴ እንዳይደነግጥ ሐኪሙ አስጠንቅቆናል፤ ስለዚህ አሁን አልነግረውም። ጥር 3 ይመጣል። ከዚያ በፊት ወይ ላይተሯን መልሺ፣ ወይ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ። እሱ ዓይኑን ሲገልጥ ግን እነግረዋለሁ» አለችኝ። ሆስፒታል እንዳልሄድም ከለከለችኝ።

ሥራ ሌላ ይገኛል፤ እሱ አይደለም ያቃጠለኝ። አራት ዓመት ሙሉ በእጄ የጎረሱ፣ ክንዴን ይዘው ደረጃ የወጡ ሰውዬ፣ ዓይናቸው ሲበራ መጀመሪያ የሚሰሙት ያቺ ሴት ሌባ ናት የሚለውን ነው። እኔም በቦታው የለሁም።

ማጽዳቱን አንተ እንደመከርከኝ አልተናገርኩም። ላይተር የሚጠግን ዘመድ አላት ከተባለማ አለቀልኝ፤ ወዴት እንደላክኋት ለመገመት አይቸግራቸውም።

እህትህ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰላምታውን ቆይ አስቀምጪው። ይህ በፈጣን ፖስታ ነው የተላከው፤ ፈጥነሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ ጥፋቱ የኔ ነው። የነሐስ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። እኔ ጠረጴዛ ላይ ለሚመጣው ሰው ቆሻሻ ነው፣ ላይተር ለሚሰበስብ ሰው ግን ዕድሜው ነው። ሳልጠየቅ አውቃለሁ ብዬ ነው የነገርኩሽ። ይህን በራሴ እጅ ጽፌልሻለሁ፤ ቢያስፈልግ አሳዪያቸው።

አሁን የሆነብኝን ልንገርሽ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ካፖርት የለበሰ ሰው የቀለህ ላይተር አመጣልኝ፤ ክር ቀይርልኝ ብሎ። እኔ ሞኙ ክሩን ቀይሬ፣ ምርቃት ይሁነው ብዬ ጥቁሩን አነሣሁለት። ሊወስድ ሲመጣ «ይቺ የኔ አይደለችም፤ የአባቴን ሸጠህ የገበያ ሰጠኸኝ» ብሎ ኮሌታዬን ያዘ። ሰው ተሰበሰበ። እኔ ቤንዚን ስሞላ ያወጣኋት የሥሯ ብሎን ጣሳዬ ውስጥ ነበረች፤ አላጸዳኋትም፣ እንደ ጠቆረች ናት። አውጥቼ «ራስህ አስገባት» አልኩት። አስገባ፤ ዞረች፤ ጥብቅ ብላ ቆመች። የብሎኗ ጭረትና የሆዷ ጭረት ገጠሙ። ሰውየው ኮሌታዬን ለቀቀ፤ የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይተርን ከቀለህ የሚሠራ ሰው ማሽን የለውም። የብሎኑን ጥርስ በእጁ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ያ ብሎን ለዚያ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ሌላው ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ ይወላከፋል። ደግሞም ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ፣ ከብሎኑ ራስ እስከ ሆዱ ድረስ በሞረድ አንድ ጭረት ያሳልፋል፤ ሌላ ጊዜ ሲዘጋ የት ድረስ ማጥበቅ እንዳለበት እንዲያውቅ። ጭረቷ ግማሿ ብሎኑ ላይ፣ ግማሿ ሆዱ ላይ ትቀራለች። ሎሚ ይህን አያጠፋውም።

ያ ነጋዴ «ብሎን የላትም» ማለቱ ነው ያዳነሽ። የጠፋች አይመስለኝም። ሽማግሌሽ መካኒክ ናቸው፤ መካኒክ ላይተር ሲያስቀምጥ ብሎኑን ዘግቶ አያስቀምጥም፣ ዝጎ ይጣበቅበታላ። አውጥቶ ለብቻ ያኖራል። በቤቱ ውስጥ ትንንሽ ብሎን የታጨቀበት ጣሳ፣ ከረጢት፣ የክኒን ዕቃ ፈልጊ። ቁጥር ይኖረዋል።

ስታገኚ ግን በፈጠረሽ፣ አትወልውዪያት! በጣትሽም አትሺያት። ለብቻሽም አትሞክሪ። ነጋዴው ይጠራ፤ ብሎኗን ልጅቷ በገዛ እጇ ታስገባት። አንቺ እጅሽን ከኋላሽ አድርገሽ ቁሚ።

አይዞሽ። እኔ አይቼዋለሁ፤ ይሠራል።

ወንድምሽ


ጥር 7 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ተመስገን! ተመስገን! ተመስገን! ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ሌላ አልጽፍም።

ደብዳቤህ በስድስት ቀን ደረሰ። በዚያው ቀን ጓዳውን ሁሉ በረበርኩ። ከመሣሪያ ሣጥናቸው በታች አንድ የሻይ ቆርቆሮ አገኘሁ። ስንት ጊዜ አቧራውን ጠርጌ አልፌዋለሁ፤ የሰዓት ዕቃ ነው የመሰለኝ። ውስጡ ብሎን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ታስሮበት ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ተንጠልጥላለች። አሥራ ሰባት አለች። የበርበሬ ፍሬ ታክላለች፣ ጥቁር ናት። አልነካኋትም። ቆርቆሮውን እንዳለ ዘግቼ ልጅቷን ጠራኋት።

«ነጋዴውን ጥሪልኝ» አልኳት።

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው?»

«አንድ ነገር ብቻ። ከዚያ ዕቃዬ ታስሯል፣ እሄዳለሁ።»

መጣ። እጄን ከኋላዬ አድርጌ ቆምኩ። ያልከውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የእጅ ጥርስ፣ የሞረድ ጭረት። ነጋዴው ፈገግ አለ። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ። «ዘመድ» አልኩት፤ ምን ይመጣ እንደሆን ይምጣ ብዬ። መጀመሪያ እሱ የሌላ ቀለህ ብሎን ሞከረ፤ ቁጥር ሠላሳ አንድን። አንድ ዙር ሄዳ ተወላከፈች። ቁጥር ሃምሳን ሞከረ፤ አፏ ላይም አልገባችም። ፈገግታው ቀነሰ።

«አንቺ አድርጊው» አልኳት ልጅቷን።

በሁለት ጣቷ ይዛ አዞረች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ትንሽ። ቆመች። ልጅቷ ጎንበስ አለች፤ ነጋዴው ከእጇ ነጥቆ መነጽሩን አስጠጋ። ጭረቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር ሆናለች፤ ብሎኑ ላይ ያለው ግማሽ ጥቁር፣ ሆዷ ላይ ያለው ግማሽ ቢጫ። እኔም ከቆምኩበት አየሁት።

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቺው ናት» አለ። ቀጥሎም፣ «ምነው እቴ፣ ከማሸትሽ በፊት ሰው ብትጠይቂ» አለኝ።

«ሰው ጠይቄ እኮ ነው» አልኩት።

ልጅቷ ወጥታ ሄደች። ጥቂት ቆይታ በገዛ እጇ ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምራበታለች። እኔ ስኳር አልወድም። እስከ ጭላጩ ጠጣሁት። «የታሰረውን ዕቃ ፍቺው» አለችኝ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

ሽማግሌው በቀጠሮው ቀን መነጽር አድርገው ገቡ። ሁሉንም ልጅቷ ራሷ ነገረቻቸው፤ የራሷንም ጭምር አላስቀረችም። አሥራ ሰባትን አንሥተው በብርሃን አዩዋት። የወደቀ ትከሻዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ሃምሳ ዓመት ነው የፈጀባት ለመጥቆር» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ምን ይደረግ። እንደገና እስክትጠቁር መኖር ሊኖርብኝ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ካርዷን አስመጡኝ። «ጥቁር» የሚለውን ሰርዘው «ለጊዜው ቢጫ» ብለው ጻፉ። ዓይናቸው እንዲህ ካየ ቀዶ ሕክምናው ሠርቷል።

ያንን ስለ ካፖርታሙ ሰውዬ የጻፍክልኝን አነበብኩላቸው። እንደሱ የወደዱት ነገር የለም። «ሰውየው ከዚያ በኋላ ምን አለ? ይቅርታ ጠየቀው ወይ?» ይላሉ። በየቀኑ ይጠይቁኛል። ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥር 19 ቀን

ይድረስ ለእህት ዓለም፤

ስኳር ያለበትን ሻይ ያስለመደሽ አምላክ ክብር ይግባው። ደብዳቤሽን ለልብስ ሰፊው ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ብሎኗ ስትቆም ማሽኑን አቁሞ ነበር። «ዘመድ» ብለሽ በመናገርሽ ኮርቼብሻለሁ። እኔ ካለሁበት ሆኜ አሥር ቀን ላይተር አልጠገንኩም፣ ጸጥ ብዬ ፖስታ ቤት ነው የተመላለስኩት። አሁን ሰው ሆኛለሁ። ትናንት ስተኛ ጫማዬን እንኳን አላወለቅሁም፤ እንቅልፍ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ።

ሽማግሌሽ ሰውየው ምን አለ ብለው ጠይቀዋል። እሳቸውን መዋሸት አይገባም፤ እውነቱን ንገሪያቸው።

ካፖርታሙ ሰውዬ እውነት ነው። ኮሌታዬን መያዙም፣ ሰው መሰብሰቡም እውነት ነው። ብሎኗን አውጥቼ ያሳየሁት፣ ያጨበጨቡልኝ፣ እሱን ነው የፈጠርኩት። በዚያ ቀን ብሎኗ ጭራሽ ትዝ አላለችኝም። ምላሴ ተሳሰረ፤ እኔ፣ ምላሴ። ሰውየው በሕዝብ ፊት ሌባ ብሎኝ ላይተሯን ይዞ ሄደ። ብሎኗን ጣሳዬ ውስጥ ያገኘኋት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ረስቼ ሳልመልስላት ቀርቻለሁ። በሷ ላስመሰክር እችል እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየውን ስፈልገው ከረምኩ፤ አልተመለሰም። ኋላ ላይ ተንኮለኛ ሰው ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት፤ ጥቁር ማንሣቱንም ያልተውኩት ለዚህ ነው፤ ብተው ጥፋቱ የኔ ሊሆን ነዋ።

ያቺን ብሎን ግን አልጣልኳትም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የቀለህ ላይተር በመጣልኝ ቁጥር ከሥሩ እሞክራታለሁ። አንዱም አልተቀበላትም። ለሌላ እንደማትሆን እርግጠኛ የሆንኩት በዚህ ነው። በገዛ ላይተሯ ውስጥ ገብታ፣ ጥብቅ ብላ፣ ጭረቷ ሲገጥም ግን አይቼ አላውቅም። አይቻለሁ ብዬሽ ነበር፤ እጅሽ እንዳይከዳሽ ነው። ያየሽው አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ